ዳር፣ ጠርዝ ወይስ ጫፍ?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ መምህር? ኮምቦልቻ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ ስለ ግራፊን በአማርኛ አጭር ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። «ኤሌክትሮኑ ጫፉ ላይ ይቀመጣል» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ባልደረባዬ «ጠርዙ ላይ በል» አለኝ፤ ሌላው «ዳሩ ላይ» ይሻላል ባይ ነው። ለመሆኑ ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው። እርስዎ በያዙት ጉዳይ ደግሞ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከደሴ በሐረጎ አድርጎ ወደ እናንተ የሚወርደውን መንገድ ያስቡ። ዳሩ ግራና ቀኙ ነው፤ በግ የሚነዳው ልጅ የሚሄድበት። ጫፉ ግን መንገዱ የሚያልቅበት ነው። «መንገድ ዳር ጠብቀኝ» ያለዎትን ሰው መንገዱ ጫፍ ሄደው ቢጠብቁት አትገናኙም።

ግራፊን ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው። አቶሞቹ ባለ ስድስት ጎን መረብ ይሠራሉ። የፊዚክስ ሊቁ ዳንከን ሃልዴን በ1988 በእንዲህ ያለ መረብ ላይ አንድ ነገር በስሌት አሳየ፦ መሃሉ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ዙሪያው ግን ያሳልፋል። እዚህ ላይ ኤሌክትሮኑ ይጓዛል እንጂ አይቀመጥም። ስለዚህ «ዳር ዳሩን ይሄዳል» ብለው ይጻፉ። «ላይ» እንኳ አያስፈልገውም። ብቻ «ዳር ዳር ይላል» እንዳይሉ! እሱ ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ጎረምሳ ሥራ ነው።

«ጠርዝ» የተቆረጠ ነገር መጨረሻ መስመር ነው፤ የወረቀት ጠርዝ፣ የጠረጴዛ ጠርዝ እንደምንለው። ግራፊን እንደ አቆራረጡ ጠርዙ ዚግዛግ (እንደ መጋዝ ጥርስ) ወይም አርምቼር (እንደ ባለ መደገፊያ ወንበር) ይሆናል፤ ጠባዩም አብሮ ይለወጣል። እኔ ስለ ቅርጹ ስጽፍ «ጠርዝ»፣ ስለ ጉዞው ስጽፍ «ዳር» እላለሁ።

የእርስዎ «ጫፍ» ታዲያ ስህተት ነው? ስለ ምን እንደሚጽፉ ይወስነዋል። ስለ ሰፊው ንጣፍ ከሆነ፣ አዎ። ስለ ቀጭኑ የግራፊን ጥብጣብ ከሆነ ግን ትክክል ነዎት (ሪባን ቢሉትም አልጣላዎትም)። በ2018 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ወርቅ ላይ ሞለኪውሎችን እያያያዙ እንዲህ ያለ ጥብጣብ ሠሩ። ወርዱ 7 አቶም የሆነውን ክፍል 9 አቶም ከሆነው ጋር አገጣጠሙ። ኤሌክትሮኑ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ተወስኖ ተገኘ፤ ጥብጣቡ የሚያልቅበት ጫፍ ላይም እንዲሁ። እዚህ «ይቀመጣል» ያምርበታል። 7ቱና 9ኙ የሚገናኙበትን ግን ጫፍም ዳርም አይበሉት፤ «መጋጠሚያ» ይበሉት።