ሁለት ሰርቨር አለን፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዴት ይቀጥል?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። ባህር ዳር ጣና ዳር የጀልባ ትኬት ቢሮ ነው የምሠራው፣ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄዱ እንግዶችን የምንመዘግበው ቢሮ ውስጥ ባለ ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ ቀጥ ሲል እንግዳው ወደቡ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። አሁን ሁለተኛ ሰርቨር ተገዝቷል፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው በራሱ እንዲቀጥል ምን ላድርግ? ወንድማችሁ፣ ከባህር ዳር

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሊነክስ ከሆነ የምትጠቀመው ኪፕአላይቭድ የሚባለውን፣ አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ሌላው አድራሻውን እንዲረከብ የሚያደርገውን ፕሮግራም ሁለቱም ላይ ጫን፣ ነፃ ነው። ሰርቨሮቹ የየራሳቸው አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) እያላቸው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር አንድ የጋራ ቨርቹዋል አይፒ ትሰጣቸዋለህ፣ የቢሮው ኮምፒውተሮች የሚያውቁት እሱን ብቻ ነው። ዋናው በየሰከንዱ «አለሁ» ይላል፣ ዝም ካለ ፕራዮሪቲው (የቅድሚያ ቁጥሩ) 100 የሆነው ተጠባባቂ 3.6 ሰከንድ ገደማ ጠብቆ አይፒውን ይወስዳል። ግን እንዲሁ ከተውከው የሚያየው ማሽኑ መኖሩን እንጂ ሲስተሙ መሥራቱን አይደለም፣ ስለዚህ የትኬት ገጹ መከፈቱን በየጥቂት ሰከንዱ የሚያረጋግጥ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ጨምርበት።

ይሄ ቀላሉ ነው፣ እኔን የሚያሳስበኝ ዳታቤዙ ነው። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ከሆነ በሬፕሊኬሽን (በራሱ መገልበጫ) ወደ ሁለተኛው ያለማቋረጥ ይገለበጣል፣ ኮፒው ግን ዋና እስክታደርገው ድረስ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። እና ሁለት ማሽን ብቻ እስካለህ ድረስ ኮፒውን ዋና ማድረጉን አውቶማቲክ እንዳታደርገው እለምንሃለሁ! በመሀል ያለው ኬብል ቢነቀል ሁለቱም ሌላው ሞቷል ብለው ሁለቱም ዋና ይሆናሉ፣ ጠዋት 2 ሰዓት በምትነሳው ጀልባ ላይ የቀረችውን አንድ ወንበር ለሁለት ሰው ይሸጧታል፣ ከዛ ሁለቱን ዳታቤዝ ማስታረቅ ቀን ሙሉ ቢፈጅም አይገርምም። የድሮውን ሰርቨር ኃይል ራስህ ነቅለህ ከዛ ሁለተኛውን በአንድ ትዕዛዝ ዋና አድርገው፣ እስከዛው ማን እንደተመዘገበ ማየት ትችላላችሁ። የግድ አውቶማቲክ ይሁን ከተባለ ዳኛ የሚሆን ሦስተኛ ማሽን ያስፈልጋል፣ ትንሽም ቢሆን።

የድሮው ሲነሳ አይፒውን መልሶ እንዳይነጥቅ ኪፕአላይቭድ ላይ ሁለቱንም ባክአፕ (ተጠባባቂ) ብለህ ጀምርና ኖፕሪኤምፕት (አትንጠቅ) የሚለውን አስገባ፣ የያዘው ዳታ ያረጀ ነዋ። ሁለቱን አንድ ዩፒኤስና (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) አንድ ስዊች (የኔትወርክ ገመዶች የሚሰኩበት) ላይ ከሰካሃቸው ደግሞ አንዱ ሲበላሽ አብረው ነው የሚወድቁት፣ ለያያቸው። ከዛ እንግዳ በሌለበት ሰዓት የዋናውን ገመድ ንቀልና ትኬት ለመቁረጥ ሞክር፣ ቢሮ ያለ ሌላ ሰውም ትዕዛዙን አብሮህ ይልመድ፣ አንተ የሌለህ ቀን ሊወድቅ ይችላል።