የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከግብር ሐራጅ የተረፈ ገንዘብ

ጥያቄ፦ ታላቅ እህቴ ዳላስ ቤት ነበራት፤ ባልም ልጅም አልነበራትም። ካረፈች በኋላ የቤቱ ግብር ሳይከፈል ቆይቶ በሐራጅ ተሸጠ። አሁን አንድ ሰው ከአሜሪካ እየደወለ «ከሽያጩ የተረፈ ገንዘብ አለ፤ 40 በመቶውን ለእኔ ብላችሁ ፈርሙና ላስወጣላችሁ» ይለናል። እንፈርም ወይስ እንተወው? (ከደሴ)

መልስ፦ ገንዘቡ በእርግጥ ሊኖር ይችላል፤ በዚህ ውል ግን አትፈርሙ። ዳላስ ያለችበት የቴክሳስ ግዛት ሕግ እዚህ ላይ ጥብቅ ነው። ጠበቃ ያልሆነ ሰው ይህን ገንዘብ ለማስወጣት ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ጠበቃም ቢሆን የሚፈቀድለት ከተገኘው ገንዘብ 25 በመቶ ወይም 1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ያነሰው ብቻ ነው። ሰውዬው ዘዴ ቀይሮ «መብታችሁን ልግዛችሁ» ቢልም፣ በስልክ ጉትጎታ የተፈረመን ሽያጭ ፍርድ ቤቱ አይቀበልም።

ደዋዩን የካውንቲውን (የአካባቢውን አስተዳደር) ስምና የመዝገቡን ቁጥር ጠይቁት። ባይነግራችሁም ችግር የለም፤ ዳላስ ያለ ዘመድ በእህታችሁ ስምና በቤቱ አድራሻ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቤት ጠይቆ ሊያገኘው ይችላል። የፓስፖርትና የባንክ ደብተር ፎቶ ግን ለማንም ደዋይ አትላኩ።

ዕዳው፣ ቅጣቱ፣ ወለዱና የሐራጁ ወጪ ተቀንሶ የቀረው ገንዘብ የሚቀመጠው ሽያጩን ባዘዘው ፍርድ ቤት ነው። ዕዳና ወጪው 18,000 ዶላር ሆኖ ቤቱ በ95,000 ቢሸጥ 77,000 ይተርፋል ማለት ነው። ቤቱን በመያዣነት የያዘ ባንክ ካለ ግን ከወራሽ ይቀድማልና ይህን አስቀድማችሁ አጣሩ። ፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ የሚልከው በቤቱ ባለቤት፣ በእህታችሁ፣ የመጨረሻ አድራሻ ነው፤ እሷ በሌለችበት ቤት ደብዳቤውን የሚቀበል የለም። ብዙ ቤተሰብ ሳይሰማ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በፊት የሐራጁን ቀን እወቁ። ቴክሳስ ገንዘቡን ለመጠየቅ የሚሰጠው 2 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ሐራጁ ከተካሄደበት ቀን ጀምሮ እንጂ እናንተ ከሰማችሁበት ቀን አይደለም። ጉዳዩ ሌላ ግዛት ላለባችሁ አንባቢዎች፦ ካሊፎርኒያ የገዢው ሰነድ ከተመዘገበበት ቀን 1 ዓመት ብቻ ትሰጣለች፤ ቨርጂኒያ ሽያጩ ከጸደቀ በኋላ 2 ዓመት፤ ጆርጂያ 5 ዓመት ቆይታ ባለቤት የሌለው ገንዘብ ወደሚጠራቀምበት የግዛቱ ሒሳብ ታዛውረዋለች።

ከሸሪዓ ወይም ከወረዳ ፍርድ ቤት የምታወጡት የወራሽነት ማረጋገጫ ዝምድናችሁን ያስረዳል እንጂ ድርሻ አይወስንም። ቤቱ ቴክሳስ ስለነበረ ክፍፍሉም በቴክሳስ ሕግ ነው። ኑዛዜ ካልተወች፣ አባትና እናታችሁ ሁለቱም በሕይወት ካሉ ገንዘቡ የእነሱ ነው። አንዳቸው ብቻ ካሉ ግማሹ የእሳቸው፣ ግማሹ የእህት ወንድሞች ይሆናል። ሁለቱም ከሌሉ ሁሉም የእህት ወንድሞች ነው። የእናት ያባት ልጆች ባሉበት፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚዛመድ እህት ወይም ወንድም የእነሱን ድርሻ ግማሽ ያገኛል። እባካችሁ ከወራሾቹ ዝርዝር ማንንም አትዝለሉ፤ የተዘለለው ሰው ሲቃወም የሁላችሁም ገንዘብ እዚያው ታግዶ ይቀመጣል።

ገንዘቡን የሚጠይቅላችሁ ዳላስ ያለ ጠበቃ የውክልናውን ወረቀት በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ ይላክላችሁ። ፊርማውን አዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ በቀጠሮ ያረጋግጣል፤ ክፍያው በአንድ ማኅተም 50 ዶላር ነው። ፈራሚው ራሱ ፓስፖርቱን ይዞ ይቅረብ፤ ወረቀቱንም ሳይፈርምበት ይሂድ። ደሴ ላይ ፈርሞ የሄደ ሰው ፊርማው አይረጋገጥለትም፤ ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ቤት ሚኒሶታ ውስጥ በግብር ዕዳ ተወሰደ። ካውንቲው «የሚመለስ ትርፍ የለም» ብሎታል። ይህ ሕጋዊ ነው? (ከወልድያ)

መልስ፦ ቤቱ ከዕዳው በላይ የሚያወጣ ከሆነ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜይ 25 ቀን 2023 ዳኞቹ ሁሉ ተስማምተው የወሰኑት ጉዳይ የተነሳው ከዚያው ከሚኒሶታ ነው። ጀራልዲን ታይለር የተባሉ የ94 ዓመት እናት 15,000 ዶላር ገደማ ዕዳ ነበረባቸው፤ ሄነፒን ካውንቲ ቤታቸውን በ40,000 ሸጦ የተረፈውን 25,000 ለራሱ አስቀረ። ፍርድ ቤቱ ያለ ካሳ ንብረት መውሰድ ነው ብሎ ለእሳቸው ፈረደላቸው፤ ካውንቲው ማስቀረት የሚችለው ዕዳውን ብቻ ነው። የወንድምዎ ቤት ከዚያ በፊት ተወስዶ ከሆነ ግን የይርጋው (የመክሰሻ ጊዜ ገደቡ) ነገር ከባድ ስለሆነ የተወሰደበትን ቀን ይዞ ዛሬ ነገ ሳይል የሚኒሶታ ጠበቃ ያማክር።

ጥያቄ፦ የአባታችን ስም በአሜሪካው የቤት ሰነድና በእኛ የወራሽነት ማረጋገጫ ላይ አልገጠመም። ምን እናድርግ? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ሰይድ ወይም መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት ዓይነት ይጻፋል፤ አያት ደግሞ ከአሜሪካው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ይቀራል። ተርጓሚው ማረጋገጫውን ሲተረጉም ስሙን በቤቱ ሰነድ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ይጻፈው፤ ለዚህም የሰነዱን ቅጂ ስጡት። በፓስፖርቱ ላይ የተለየ አጻጻፍ ካለ፣ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ የቃለ መሐላ ጽሑፍ ይጨመር።

ዘመኑንም ተመልከቱ። ጥቅምት 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ያረፈ ሰው በአሜሪካ አቆጣጠር ያረፈው ኦክቶበር 15 ቀን 2021 ነው። ተርጓሚው 2014 ብሎ ከተወው፣ ቤቱን በአሜሪካ አቆጣጠር በ2018 የገዛ ሰው ከመግዛቱ በፊት የሞተ ይመስላል፤ የመዝገብ ሠራተኛውም ፋይሉን ይመልሰዋል። ትርጉሙ ላይ ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን ይጻፉ።