አዲስ የእንስሳ ዝርያ ግቢያችን ውስጥ ሊኖር ይችላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ዝግጅት ክፍል። ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪዬ «ጃፓን ውስጥ አንድ ሳይንቲስት ከሚኖርበት አፓርታማ መኪና ማቆሚያ ላይ አዲስ እንስሳ አገኘ» ብሎ ሲናገር ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። እኔም ደፍሬ እውነት ነው ማለት አልቻልኩም። እውነት ከሆነ ሰው በየቀኑ የሚረግጠው ቦታ ላይ ያለ እንስሳ እንዴት እስካሁን ሳይታወቅ ቀረ? አዲስ መሆኑንስ በምን ለዩት?

መልስ፦ መምህር፣ ልጁ እውነቱን ነው። ነገ ክፍል ሲገቡ በሳቁበት ልጆች ፊት ቢነግሩለት ደስ ይለኛል።

እንስሳው ታርዲግሬድ ነው። ብዙዎቻችሁ «የውሃ ድብ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ስምንት እግር ያለው፣ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጥ ፍጡር። አግኚው ካዙሃሩ አራካዋ ይባላሉ፣ ሰሜን ጃፓን ፁሩኦካ ከተማ ባለው የኬዮ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም ይሠራሉ። ከሚኖሩበት አፓርታማ መኪና ማቆሚያ፣ ከኮንክሪቱ ላይ፣ ትንሽ ሞስ ፍቀው ወሰዱ። ሞስ የምለው ክረምት ላይ ድንጋይና አጥር ላይ ተለጥፎ የሚበቅለውን ለስላሳ አረንጓዴ ነገር ነው። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት የውሃ ድቦች አሉበት። እዚህ ድረስ የሚገርም ነገር የለም፣ ሞስ ባለበት ሁሉ እነሱም አይጠፉም። ደስ ያለው ነገር እነዚህኞቹ ላብራቶሪ ውስጥ አልጌ እየተመገቡ መራባታቸው ነበር፤ ማክሮባዮተስ የሚባለው ወገን ብዙ ጊዜ በሰው እጅ እንዲህ በቀላሉ አይረባም። ከዚያ ፖላንድ፣ ክራኮው ካሉት ዳንኤል ስቴክና ዉካሽ ሚሃልቺክ ጋር ሆነው አጠኑትና እ.ኤ.አ. በ2018 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ማክሮባዮተስ ሾናይከስ ብለው ይፋ አደረጉት። ሾናይ የአካባቢው ስም ነው።

እንዴት ሳይታወቅ ቀረ ላሉት፣ ትንሽነቱ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። የውሃ ድብን ጀርመናዊው ፓስተር ዮሐን ጎዘ ገና በ1773 አይተው ጽፈውለታል። ችግሩ እርስ በርስ መመሳሰላቸው ነው። በ1834 ማክሮባዮተስ ሁፈላንዲ የሚባል ዝርያ ተሰየመ፤ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ከየአገሩ የተገኘው እሱን የሚመስል ሁሉ እየተሰበሰበ በዚያው ስም ተመዘገበ። በ1840 የተሰየመው ሚልኔሲየም ታርዲግራዱምም ዕጣው ተመሳሳይ ነበር። «በዓለም ሁሉ የሚገኝ አንድ ዝርያ» ሲባል ኖሮ፣ በ2012 የመጀመሪያው ዝርያ እንደገና በጥንቃቄ ሲገለጽ በስሩ የታጎሩት ብዙዎቹ ሌላ መሆናቸው ታየ። ስለዚህ «አዲስ» ሲባል ብዙ ጊዜ እንስሳው ፊታችን ነበር፣ የሌላ ስም ተሰጥቶት ነው እንጂ። ዛሬ የታወቁት ዝርያዎች ወደ 1,500 ገደማ ናቸው፣ በየዓመቱም ይጨመርበታል።

በምን ይለያሉ የሚለው ጥያቄዎ ለእኔ ከሁሉም ይጥመኛል። ጥፍሩን ያያሉ፣ የአፉን ቱቦ ስፋት በማይክሮሜትር ይለካሉ፣ ዲኤንኤውን ከአራት ቦታ ያነባሉ። በዚህ ወገን ግን ዋናው ምስክር እንቁላሉ ነው። አንዳንድ የውሃ ድቦች ቆዳቸውን ሲቀይሩ ለስላሳ እንቁላላቸውን የተገፈፈው ቆዳ ውስጥ ጥለው ይወጣሉ። ማክሮባዮተሶች ግን እንቁላላቸውን ሜዳ ላይ ነው የሚጥሉት፣ ቅርፊቱም ያጌጠ ነው። የሾናዩ እንቁላል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ድቡልቡል ሆኖ ዙሪያውን የጽዋ ቅርጽ ባላቸው ጉብታዎች ተሞልቷል፤ ከየጽዋው ጠርዝ ደግሞ ቀጫጭን፣ እንደልብ የሚተጣጠፉ ክሮች ይወጣሉ። ምናልባት እንቁላሉ ከወደቀበት ቦታ እንዲጣበቅ ይረዱት ይሆናል። እንዲህ ዓይነት ክር ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ኬንያ ውስጥ በተገኘው ማክሮባዮተስ ፓውሊኔና ኢኳዶር ውስጥ በተገኘው ማክሮባዮተስ ፖሊፒፎርሚስ ላይ ታይቷል። ስለዚህ ከእነሱ ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ነበረባቸው። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ስም የሚሰጠው፤ መግለጫው ይታተማል፣ ስሙን የሚሸከመው አንድ ናሙና ሆሎታይፕ ተብሎ ይቀመጣል፣ ነገ የሚጠራጠር ሰው ሄዶ እንዲያየው።

ዜና ላይ «በመኪና ማቆሚያ ተገኘ» የሚለው ብቻ መነገሩ ያሳዝነኛል። ሞሱን መፍቀቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው፣ ለወራት አንገት ደፍቶ ጥፍርና እንቁላል መለካት ነው፤ ይህን የሚችሉ ሰዎች ደግሞ በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የባሕር ዳር ተማሪ ነኝ። ፌስቡክ ላይ «እሳትም በረዶም ሕዋም የማይገድለው፣ የማይሞት እንስሳ» ተብሎ ስለ ውሃ ድብ ተለጥፎ አየሁ። ተጋንኗል አይደል? ጨረቃ ላይም አሁን ይኖራሉ ይባላል።

መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ ተጋንኗል። ይሞታል፣ ያውም በቀላሉ። የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ራማዞቲየስ ቫሪዮርናተስ የሚባለውን ውሃ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ባለበት ሁኔታ ሞክረውት፣ በ37.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት ሲቆይ ግማሾቹ ሞተዋል። ይህ እንግዲህ ከሰው የሰውነት ሙቀት እምብዛም አይበልጥም።

ጉልበቱ ያለው ሲደርቅ ነው። ሞሱ መድረቅ ሲጀምር እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፣ ሰውነቱ ይኮማተራል፣ ውሃው ከሞላ ጎደል ተሟጦ ይወጣል። አይበላም፣ አይንቀሳቀስም፣ አያረጅም ለማለት ይቻላል። ውሃ ሲያገኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ተነሥቶ መሄድ ይጀምራል። ሕዋ ላይም በ2007 ፎቶን ኤም 3 በምትባለው መንኮራኩር የተላኩት ደርቀው ነው። የሕዋውን ባዶነት ብዙዎቹ ተቋቁመውት ተመልሰዋል፤ ሙሉው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ያረፈባቸው ግን የተረፉት በጣም ጥቂት ናቸው።

እኔን ከሕዋው ይልቅ የሚገርመኝ ሌሎች የጃፓን ተመራማሪዎች ያቆዩት ሞስ ነው። በ1983 ከአንታርክቲካ የተሰበሰበ ሞስ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ተቀምጦ፣ በ2014 በረዶው ሲቀልጥ ሁለት እንስሳትና አንድ እንቁላል ነፍስ ዘሩ። አንደኛዋ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ሌላዋ 19 እንቁላል ጣለች፣ 14ቱ ተፈለፈሉ። ሠላሳ ዓመት ፍሪዘር ውስጥ ቆይቶ መውለድ!

ጨረቃን በተመለከተ፣ ቤሬሺት የምትባለው የእስራኤል መንኮራኩር በሚያዝያ 2019 ስትከሰከስ የደረቁ የውሃ ድቦችን ይዛ ነበር። ይህ እውነት ነው። ግን ያለ ውሃ የሚነሡበት መንገድ የለም፣ ስለዚህ «ይኖራሉ» የሚለው ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ውስጥስ አሉ? ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ማይክሮስኮፕ የምትጠቀምበት ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። ራሷ ፈልጋ ማግኘት ትችላለች? — እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አሉ፣ እህቴ። እንዲያውም በአገራችን ስም የተሰየመ አለ። ሜሶባዮተስ ኢትዮፒከስ ይባላል፤ በ2017 ይፋ ያደረጉት ከላይ ያነሳሁት ዳንኤል ስቴክና ዴንማርካዊው ራይንሃርት ክሪስተንሰን ናቸው። ደስ ያሰኛል፣ ግን ቁጭትም አለው። ይህን ያህል ደጋ፣ ይህን ያህል ደን፣ ይህን ያህል ዝናብ የሚያርፍበት የድንጋይ አጥር ይዘን፣ በአገራችን በውሃ ድብ ላይ የተሠራው ጥናት በጣም ጥቂት ነው። ልጅሽ ስትፈልግ ብዙ ሰው ባልሄደበት መንገድ ነው የምትሄደው።

ማግኘት ትችላለች። ከድንጋይ፣ ከግድግዳ ወይም ከዛፍ ግንድ ላይ የሣንቲም ስፋት የምታህል ሞስ ወይም የድንጋይ ሽበት ትፍቀቅ። የደረቀ ቢሆን ይመረጣል እንጂ አይከፋም። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አድርጋ የዝናብ ወይም የታሸገ ውሃ ታፍስበት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ባይሆን ጥሩ ነው። ከሰዓታት በኋላ፣ ወይም አሳድራ፣ ሞሱን በጣቷ ጨምቃ ታውጣው። ሳህኑ ላይ የቀረው አፈርና ውሃ ነው የሚታየው። በጠብታ እየወሰደች ስላይድ ላይ በ40 እጥፍ ማጉያ ትጀምር፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ስታይ ወደ 100 ከፍ ታድርግ። እየተገረፈ የሚገላበጥ ክር መሳይ ነገር ካየች እሱ ኔማቶድ የሚባል ትል ነው። አፉ ላይ የሚሽከረከር ነገር ያለው ደግሞ ሮቲፈር ነው። የውሃ ድቡ ወፍራም ነው፣ እግሩን አንድ በአንድ እያነሳ አፈሩን ይቧጥጣል፣ ጥፍሮቹ ይታያሉ፣ ሆዱ ውስጥም የበላው አረንጓዴ ነገር በቆዳው በኩል ይታያል። በመጀመሪያው ናሙና ከሌለ ከሌላ ድንጋይ ትሞክር፣ ምክንያቱም አንዱ ሞስ ባዶ ሆኖ አጠገቡ ያለው ሞልቶ ይገኛል።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ የተረፈውን ሞስ ፌስታል ውስጥ እንዳታስቀምጠው፣ ይሻግታል። ወረቀት ፖስታ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ እንስሳቱም አብረው ደርቀው ይቆያሉ። ፖስታው ላይ የት ቦታ፣ ከምን ላይ፣ በየትኛው ቀን እንደተወሰደ ትጻፍበት፤ ጂፒኤስ ያለው ስልክ ካላችሁ ቁጥሩንም። ዝርያው አዲስ ሆኖ ቢገኝ እንኳ የተገኘበት ቦታ ካልታወቀ ተመራማሪ ሊሠራበት አይችልም።