የፍሳሹን ዕዳ ማን ይክፈል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«ከባሕር ዳር በታች አባይ ዳር ሽንኩርት አለማለሁ። ከላይ ያለ ፋብሪካ ፍሳሽ በለቀቀ ቁጥር ማሳዬ ይቃጠላል። ከየት ልጀምር?»

አቤቱታዎን በጽሑፍ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያስገቡ፤ ግልባጩ ላይ ቀንና ማኅተም ሳያስደርጉ አይውጡ። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካዎ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። ያለ ማኅተም ቀኑን ማስረዳት ይቸግራል።

የውሃውን ናሙና ራስዎ ቢቀዱ «ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል?» ይባላሉ። ከመሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ያስመጡ፤ አዋጁ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ፋብሪካው ግቢ ገብቶ ናሙና እንዲወስድ ይፈቅድለታል። ከሦስት ቦታ ይቀዳ፦ ከፍሳሹ መውጫ በላይ፣ ከቱቦው አፍ፣ እርስዎ ውሃ ከሚስቡበት። የላይኛው ከቀረ «ከከተማው የወረደ ነው» ለሚል ክርክር በር ይከፈታል። ጠርሙሱ አየር ሳይቀርበት ይሞላ፣ በበረዶ ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። ከሞቀ ተህዋስያኑ ቆሻሻውን እየበሉ ውጤቱን ያሳንሱታል። ለክሮም (ቆዳ ማልፊያ ውስጥ ለሚገባው ብረት) ምርመራ የሚሆነው ለብቻው ይቀዳ፤ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። አባይ ከጣና በሚወጣበት ካለው የጨረጨራ ግድብ የሚለቀቀው ውሃ ባነሰበት ወቅት ቢቀዳ ይመረጣል፤ ጉዳቱ የሚበረታው ፍሳሹን የሚያቀጥን ውሃ ሲጠፋ ነው። በሌሊት የሚለቁ ከሆነ ሰዓቱን ለሳምንት መዝግበው ተቆጣጣሪውን በዚያው ሰዓት ይጥሩ።

የዘርና የማዳበሪያ ደረሰኝ፣ ያለፈው ዓመት የሽያጭ መጠን፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የጽሑፍ ግምት፦ እነዚህን ዛሬውኑ ይሰብስቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 የካሳ ጥያቄ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

«ፋብሪካው ተቀጥቷል። እኛስ?»

መቀጮው ለመንግሥት ነው፤ የእናንተን ኪሳራ አይተካም። ካሳውን ለብቻው ጠይቁ። የተበከለውን ማጽዳት ወይም የማጽጃውን ወጪ መክፈልም በአዋጁ የበካዩ ግዴታ ነው።

«ፋብሪካው ትምህርት ቤት ሊሠራልን ነው፤ ፈርሙ ተባልን።»

ትምህርት ቤቱ ይሠራ፣ ግን ወረቀቱን ሳታነቡ አትፈርሙ። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለንም» የሚል ቃል ካለበት፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 እንዲህ ያለ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። ለታመመው ከብት፣ ለጠፋው ማሳ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። የስጦታው ውል ከካሳው ተለይቶ ይጻፍ።

«የጣናን እንቦጭ የማስወገጃውንስ ወጪ ለምን ሆቴሎች አይከፍሉም?»

ይህ ከባድ ነው። እንቦጭን የሚያፋፋው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ከማሳም፣ ከከተማም፣ ከሆቴልም ወደ ጣና ይገባል፤ አንዱን ለይቶ መክሰስ አያዋጣም። ማስረዳት የሚቻለው ቱቦው ሐይቁ ላይ የሚያፈስ ሆቴል ነው። አቤቱታው በእሱ ላይ ይጀመር፤ ናሙናውም ከቱቦው አፍ ይቀዳ።