መልስ፦ የፖለቲካ አክሽን ፊልም ልብ የሚሰቅለው መቼ ነው?

«ተኩሱ ሞልቶ እያለ ለምን ይሰለቸኛል?» ላልከው፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከተኩሱ በፊት ያለው ነው። ማን ምን እንደሚፈልግ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቀረው፣ ካልተሳካለት ማን እንደሚጎዳ ካላወቅክ ጥይቱ ጩኸት ብቻ ነው።

በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣውን የፍሬድ ዚነማንን «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» እይ። ፊልሙ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ደ ጎልን ሊገድል ስለተቀጠረ ሰው ነው። ደ ጎል እንዳልተገደለ ተመልካቹ አስቀድሞ ያውቃል፤ ቢሆንም ይጨነቃል። ጥያቄው «ይገድለው ይሆን?» መሆኑ ቀርቶ «ፖሊሶቹ ገዳዩን እንዴት ይደርሱበታል?» ሆኗላ! ገዳዩ ዛፍ ላይ ሐብሐብ አንጠልጥሎ ይተኩሳል፤ ጥይቱ ካሰበው ቦታ ፈቀቅ ሲል የጠመንጃውን መነጽር አስተካክሎ ይደግማል። በመጨረሻ ሐብሐቡ ሲበተን ምን እንደተዘጋጀ ማንም ሳያስረዳህ ይገባሃል።

ፖለቲካውም እንደዚሁ ነው። ሁለት ባለሥልጣናት ቁጭ ብለው የሚተነትኑት ሴራ ያንቀላፋል፤ አንድ ፊርማ ወይም አንድ የተሰወረ ፋይል የሰው ዕጣ ሲለውጥ ግን ሴራው በዓይን ይታያል። ክፉው ሰውዬ ደግሞ የሚያሳምን ምክንያት ይኑረው፤ ያለዚያ ካርቱን ነው።

ድብድቡ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ በሩ የት እንዳለ፣ ማን የት እንደቆመ መጀመሪያ በሰፊው ካልታየ፣ ካሜራው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ተመልካቹ ይጠፋበታል።