ተሳቢ በጌም ለመልመድ ላሰበው የደሴ ልጅ

«ማሰልጠኛ ከመግባቴ በፊት ተሳቢ መኪና በኮምፒውተር ጌም ብለማመድ ይጠቅመኛል ወይ?» ብለሃል። አብሽር፣ ይጠቅማል። እኔም ኮምቦልቻ ሆኜ እንደዚሁ ነው የጀመርኩት። እኔ የከፈልኩትን አንተ እንዳትከፍል ግን ስማኝ።

1ኛ፣ ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2ን ያዝ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የጭነት መኪና መንጃ ጌም ነው። ስትጀምር የእንግሊዝ ከተማ አትምረጥ። እዚያ በግራ ነው የሚነዳው፣ እጅህ ይበላሻል።

2ኛ፣ ማርሹን ከአውቶማቲክ ወደ ማኑዋል ቀይረው። መሪ ከገዛህ ፍሪሲዮን ያለው፣ 900 ዲግሪ የሚዞር ይሁን። እኔ የወር ደሞዜን አውጥቼ ፍሪሲዮን የሌለው ባለ ሁለት ፔዳል ገዛሁ። ዛሬ የታናሽ ወንድሜ መጫወቻ ነው።

3ኛ... የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ጭነቱን ስታደርስ ጌሙ ተሳቢውን ራስህ ቦታው ላይ ታቆም እንደሆነ ወይ ማቆሙን ትዘለው እንደሆነ ይጠይቅሃል። እኔ ሁሌ እዘለው ነበር። ምን አደከመኝ! ከበርሊን ፕራግ እየተመላለስኩ ራሴን ሹፌር አደረግኩት። ማሰልጠኛ ሄጄም መዝጋቢዋን «ልምድ አለኝ» አልኳት።

«የት?»

«በኮምፒውተር።»

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ልጆች ማቆያ በዚያ በኩል ነው» ብላ ወረቀቴን ገፋችው። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ወላሂ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የባሰው ደግሞ ልክ ሆና መገኘቷ። ተሳቢውን ወደ ኋላ አስገባ ተባልኩ። መሪውን ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ ተሳቢው ወደ ግራ ሄደና የቆመውን በርሜል ጠፈጠፈው። የበርሜሉን ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማቆም ብቻ ተለማመድኩ፣ አንድም መንገድ አልነዳሁም። ተመልሼ ስሄድ ምንም ሳልነካ በአንድ ጊዜ አስገባሁት። አሰልጣኙ «ማን አሳየህ?» አለኝ። ዝም አልኩ። መዝጋቢዋ በመስኮት እያየች እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት፣ ግን ጌም አያስተምርህም። መጀመሪያ ጭነት ይዤ ከደሴ ስወርድ ፍሬን ረግጬ ረግጬ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ኮምፒውተር ደግሞ አይሸትም። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ሹፌር፣ «ልጄ፣ ይቺን ብትወጣት በስንት ማርሽ ነበር?» አሉኝ።

«በሁለት።»

«በሁለት ውረዳታ!»

መሪ ከመግዛትህ በፊት ፎቶውን እዚህ ለጥፍልኝ፣ ፔዳሉን ልቁጠርልህ።