ፓይተንን ከ3.8 ወደ 3.12 ማሻገር፦ ጎንደር ላይ የተነሱ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ያለችው ቢሯችን ሞልታ ነበር። ያመጣችሁት ጉዳይ አንድ ነው። ዶከር ኢሜጃችሁ (ፕሮግራማችሁ ከነሚያስፈልገው ሁሉ የታሸገበት ጥቅል) ውስጥ ያለው ፓይተን (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ) አርጅቷል፤ ልትቀይሩት ትፈልጋላችሁ፤ ግን ፈርታችኋል። ላልመጡትም እንዲደርስ ጥያቄዎቻችሁን ከነመልሳቸው ጻፍኳቸው።

ጥያቄ፦ ሲስተሙ ያለ ችግር እየሠራ ነው። ለምን እነካካዋለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ችግሩ የሚመጣው ከውጭ ነው። የ3.8 ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2024፣ በእኛ መስከረም 2017 አብቅቷል። ከዚያ በኋላ የደህንነት ቀዳዳ ቢገኝበት የፓይተን ሰዎች አይደፍኑትም። ላይብረሪዎቹም (ሌሎች የጻፏቸው፣ ኮዳችን የሚጠቀምባቸው ፓኬጆች) እየተዉት ነው። ለምሳሌ የዌብ ላይብረሪው ጃንጎ 5.0 ቢያንስ 3.10 ይፈልጋል። 3.12ን የምመክረው እስከ ኦክቶበር 2028 የደህንነት ማስተካከያ ስለሚወጣለትና ዋና ዋናዎቹ ላይብረሪዎች ስለለመዱት ነው።

ጥያቄ፦ ዶከርፋይሉ (ኢሜጁ የሚሠራበት መመሪያ ፋይል) ላይ ቁጥሯን ብቻ ብቀይራትስ?

መልስ፦ መጀመሪያ እሱኑ አድርጊ፤ ግን ታጉን (የኢሜጁን መለያ ስም) ሙሉውን ጻፊው። «3.12 ስሊም» (ስሊም የተቀነሰው፣ ትንሹ ኢሜጅ ነው) ብለሽ ከተውሽው ሥር ያለው ዴቢያን (ኢሜጁ የተመሠረተበት ሊኑክስ) የትኛው እንደሆነ አልወሰንሽም ማለት ነው። አዲስ ዴቢያን ሲወጣ ታጉ ወደ አዲሱ ይዞራል። አሁን ያለሽው ዴቢያን 12 (ቡክዎርም) ላይ ከሆነ «3.12 ስሊም ቡክዎርም» በይው። ፓይተኑ ይቀየር፣ ዴቢያኑ ባለበት ይቆይ።

ይህን የምለው ተቃጥዬበት ስለማውቀው ነው። አንድ ዓመት ጥምቀት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የአንድ ሆቴል የአልጋ ማስያዣ ሲስተም አሻሻልን። ፓይተኑን፣ ዴቢያኑን፣ ላይብረሪዎቹን፣ ሁሉንም በአንድ ቢልድ (ኢሜጁን አንዴ በመገንባት)። ተበላሸ። ከሦስቱ የትኛው እንዳበላሸው ለመለየት ሁለት ሌሊት ፈጀብን። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ አልጋ ለማግኘት ያለውን ሩጫ ታውቁታላችሁ። እንግዳ ተቀባዮቹ በደብተር መመዝገብ ጀመሩ፤ አንዱ ክፍል ለሁለት ሰው ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቢልድ ከአንድ ነገር በላይ አልቀይርም።

አሁን የምሄድበት መንገድ ይኸው። ገና 3.8 ላይ እያለሁ ላይብረሪዎቹን አሻሽላለሁ። ጃንጎ ለምትጠቀሙ 4.2 ጥሩ ድልድይ ነው፤ በ3.8ም ይሠራል፣ ከ4.2.8 ጀምሮ ደግሞ በ3.12ም ይሠራል። እሱ ተረጋግቶ ጥቂት ቀን ካደረ በኋላ ፓይተኑን እቀይራለሁ። ዴቢያኑ መጨረሻ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ወደ 3.12 ስቀይር «ዲስትዩቲልስ የሚባል ሞጁል የለም» ይለኛል። እኔ ኮዴ ውስጥ እንደዚህ የሚል ነገር የለም።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ያንተ ኮድ ላይሆን ይችላል። ዲስትዩቲልስ (ፓኬጅ ለማዘጋጀትና ለመጫን የሚያገለግል የፓይተን ሞጁል) ከ3.12 ውስጥ ወጥቷል። የሚጠራው የምትጠቀምበት አሮጌ ላይብረሪ ነው። ስህተቱ ላይ የፋይሉን ስም ወደ ላይ እያየህ ሂድ፤ የላይብረሪውን ስም ታገኘዋለህ። አሻሽለው። አዲስ ቨርዥን ከሌለው ለጊዜው ሴትአፕቱልስ የሚባለውን ፓኬጅ ሪኳየርመንትስ ፋይልህ (የላይብረሪዎቹ ዝርዝር) ውስጥ ጨምር፤ ዲስትዩቲልስን በውስጡ ይዟል። ሴትአፕቱልስ ድሮ ከኢሜጁ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፣ በ3.12 ግን ራስህ ካልጨመርከው የለም።

ሌላው የሚያስቸግራችሁ ማፒንግን የመሳሰሉትን ክላሶች ኮሌክሽንስ ከሚባለው የፓይተን ሞጁል በቀጥታ መጥራት ነው። ከ3.10 ጀምሮ አይቻልም፣ ከኮሌክሽንስ ኤቢሲ ነው የሚጠሩት። እንዲህ ያሉትን አስቀድሞ ለማየት በመሃል 3.11 ላይ አንድ ቢልድ ሥሩ፤ ማስጠንቀቂያዎቹን ክፈቱና ቴስቶቻችሁን አስኪዱ። ዲስትዩቲልስን የሚጠራ ካለ 3.11 ማስጠንቀቂያ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ሳይሰብርባችሁ።

ጥያቄ፦ ቢልዱ ያለ ስህተት ያልቃል። ኮንቴይነሩ (ከኢሜጁ ተነስቶ የሚሠራው) ሲነሳ ግን ጃንጎ የለም ይላል። ተጭኗል እኮ!

መልስ፦ እህቴ፣ ዶከርፋይልሽን ሳየው ፍሮም የሚሉ (መነሻ ኢሜጁን የሚጠሩ) ሁለት መስመሮች አሉት። አንደኛው ላይብረሪዎቹን የሚጭንበት፣ ሁለተኛው የሚነሳው ኢሜጅ። የቀየርሽው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ላይኛው አሁንም በ3.8 ይጭናል፣ ኮፒ የሚለው መስመርም «ፓይተን 3.8» ወደሚባል ፎልደር ይገለብጣል። አዲሱ ፓይተን ደግሞ የሚፈልገው «ፓይተን 3.12» ፎልደር ውስጥ ነው። ጃንጎ አለ፤ የሚያየው የለም።

ቁጥሩን ዶከርፋይሉ አናት ላይ፣ ከመጀመሪያው ፍሮም በፊት፣ አንዴ በአርግ (ዶከርፋይል ውስጥ ዋጋ መያዣ በሆነው) አስቀምጪውና ሁለቱም ፍሮሞች ከዚያ ይውሰዱ። ላይብረሪዎቹን ደግሞ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ላይብረሪዎቹ ለብቻቸው የሚቀመጡበት ፎልደር) ውስጥ ጭነሽ እሱን ሙሉውን በሁለተኛው ኢሜጅ ወደዚያው ቦታ ገልብጪ። ያኔ ኮፒ መስመሩ ላይ የቨርዥን ቁጥር አይኖርም።

ጥያቄ፦ አዘዞ ነው ያለሁት። ኔቱ ቀርፋፋ ነው፣ መብራትም ይጠፋል። አንድ ቢልድ ግማሽ ቀን ይወስድብኛል። ትንሽ ስለሆነ አልፓይን ብጠቀምስ?

መልስ፦ አልፓይን (በዴቢያን ፈንታ የሚቀመጥ ሌላ ሊኑክስ) አያታልልህ። ኢሜጁ ትንሽ ነው፣ ግን ዴቢያን በሚጠቀምበት በግሊብሲ ፈንታ መስል የሚባለውን የሲ ላይብረሪ ይጠቀማል። ለሱ ተዘጋጅቶ ያልመጣ ፓኬጅ ካለህ ከሶርስ ኮምፓይል ይደረጋል። ኮምፓይለሩን ማውረድ፣ ከዚያ መጠበቅ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከዜሮ። ስሊም ይሻልሃል።

ሪኳየርመንትስ ፋይሉን ብቻ አስቀድመህ ኮፒ አድርግ፣ ጫን፣ ኮድህን ከዚያ በኋላ አስገባ። ኮድ በቀየርክ ቁጥር ላይብረሪዎቹ አይወርዱም። ፓይተኑን ስትቀይር ግን ያ ላየር (ላይብረሪዎቹ የተጫኑበት የኢሜጁ ንብርብር) አንዴ መፍረሱ አይቀርም። ለዚያ ቢልድኪት (የዶከር መገንቢያ) ካሽ ማውንት (በቢልዶች መሃል የሚቆይ ማከማቻ) አለው፤ ፒፕ (የፓይተን ላይብረሪ ጫኝ) ያወረደው ይቀመጥልሃል፣ ቢልዱ ቢቋረጥም ከሞላ ጎደል ካቆምክበት ትቀጥላለህ። ኢሜጁን ራሱን ደግሞ ጥሩ ኔት ባለበት አውርደህ በዶከር ሴቭ ፍላሽ ላይ ጫነው፣ ቤትህ በዶከር ሎድ አስገባው። እኛም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው የምናደርገው። ከፒያሳ አዘዞ በታክሲ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ያምል ፋይል (የሴቲንግ ፋይል) ላይ የፓይተኑን ቨርዥን 3.10 ብዬ ጽፌ 3.1 ፈለገ።

መልስ፦ በጥቅስ ውስጥ አድርገው። ያለ ጥቅስ ቁጥር ስለሚመስለው የመጨረሻዋን ዜሮ ይጥላታል።

ጥያቄ፦ እኔ ፋርማሲ ነው ያለኝ፣ ሲስተሙን ልጆች ናቸው የሠሩልኝ። ቀን ላይ ቢቆም ሽያጭ ይቆማል። ካልሠራ ወዲያው መመለስ ይቻላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይቻላል፤ ልጆቹ አሮጌውን ኢሜጅ ካላጠፉት። አዲሱን በሌላ ታግ ያውጡት፣ በአሮጌው ስም ላይ አይደርቡት። ያኔ መመለስ የደቂቃዎች ሥራ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ይጠይቋቸው፦ «በዚያው ዕለት ዳታቤዙን የሚቀይር ማይግሬሽን አለ ወይ?» ፓይተን መቀየር ብቻውን ዳታቤዝዎን አይነካም። ማይግሬሽን አብሮ ከሄደ ግን አሮጌው ኢሜጅ አዲሱን ሰንጠረዥ ላያውቀው ይችላል። አለ ካሉዎት ለሌላ ቀን ያድርጉት፣ ባክአፕም ይያዙ። ሥራውንም ማታ ከዘጉ በኋላ ያድርጉት።